የሦስት ቀን እንግዳ

እሑድ ሰንበቴ ይገበያል፤ ሰኞ ደግሞ ባቲ። በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፣ አንዱ ከከሚሴ ከተማ በስተ ደቡብ፣ ሌላው ከኮምቦልቻ በስተ ምሥራቅ በአፋር ቆላ አፋፍ ላይ የሚቆሙት እነዚህ ሁለት ገበያዎች ከደጋ የሚወርደውን ገበሬና ከቆላ የሚወጣውን አርብቶ አደር፣ የኦሮሞውን፣ የአፋሩን፣ የአርጎባውንና የአማራውን ሻጭና ሸማች በአንድ ሜዳ ሲያገናኙ ረጅም ዘመን ኖረዋል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በየብስ ወደ ሰሜን ታሪካዊ ቦታዎች የሚጓዘው የውጭ አገር ጎብኚም የጉዞውን ቀን ከገበያው ቀን ጋር እያስማማ በዚያ ያልፍ ነበር። ከጓደኞቹ ጋር በአንድ መኪና ይመጣል፤ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት በግመሉና በፍየሉ፣ በቅቤውና በእህሉ መካከል ይዘዋወራል፤ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ይሄዳል። በ2013 ዓ.ም. በአካባቢው ግጭት ተነሥቶ፣ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ጦርነቱ እስከ ከሚሴ ደርሶ፣ ይህን መንገድ ሰላማዊ መንገደኛ ለጊዜው ሸሽቶት ነበር። ገበያተኛው ግን ጎብኚ ከመምጣቱ በፊትም ከሄደ በኋላም ገበያተኛ ነው።

እንግዲህ ይህ ሕዝብ መጎብኘት ምን ማለት እንደ ሆነ ከተጎብኚው ወገን ሆኖ ያውቀዋል። ማንነቱን ሳይጠይቁት መልኩን ይዘው የሄዱ ብዙ ሰዎች አይቷል። ስሙን ጠይቀው፣ ቡናውን ጠጥተው፣ ዋጋውን ተከራክረው የሄዱም አይቷል። ሁለቱም ወገኖች የቆዩት እኩል ጊዜ ሊሆን ይችላል፤ የተዉት ስሜት ግን አንድ አይደለም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የምን ልዩነት ነው?

ይህ ጥያቄ ለባዕዳን ጎብኚዎች ብቻ የሚቀርብ ቢሆን ኖሮ ቀላል በሆነ ነበር። ዛሬ ግን የዚሁ ምድር ልጅም ጎብኚ ሆኗል። ለትምህርት አውሮፓ የሄደው መምህር፣ ከኪነት ቡድን ጋር ባሕር የተሻገረው ድምፃዊ፣ በጀርመን ወይም በስዊድን ሠርቶ የሚያድረው ስደተኛ፣ የእረፍት ቀን ሲያገኝ ከጓደኞቹ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ ሁለት ሦስት ቀን በሮም፣ በባርሴሎና ወይም በአቴና ያሳልፋል። ዓርብ ማታ ይገባል፤ ሰኞ ጧት ይወጣል። ለሦስት ቀን ብቻ ወደ ሰው አገር የገባ ሰው ለዚያ አገር ዕዳ አለበትን? ትቶት ለሄደው አገሩስ? ነገሩ ሲታይ ቀላል የመዝናኛ ጉዳይ ይመስላል። በመሠረቱ ግን ሰው ለማያውቀው ሰው ምን ይገባዋል ከሚለው ከጥንታዊው የሥነ ምግባር ጥያቄ የሚመነጭ ነው።

እንግዳና ጎብኚ

«እንግዳ ደራሽ፣ ውሃ ፈሳሽ» ይባላል። እንግዳ ቀን ቆርጦ፣ ደጅ ጠንቶ የሚመጣ አይደለም፤ ሲደርስ ይቀበሉታል። በከሚሴና በአካባቢዋ አብዛኛው ሕዝብ የሚከተለው የእስልምና ትውፊትም የእንግዳን መስተንግዶ በሦስት ቀን ይወስነዋል፤ ከዚያ በላይ የሚሰጠው ሰደቃ ነው። ሦስት ቀን ለቤቱ ባለቤት ግዴታ፣ ለእንግዳውም ወሰን ነው። ባለቤቱ ከዚያ በፊት እንዳይሰለች፣ እንግዳውም ከዚያ በኋላ ሸክም እንዳይሆን የተደነገገ ጥበብ ነው። ከአቴና እስከ ባርሴሎና ያሉት ከተሞች የሚቀበሉት የአጭር ጊዜ ጎብኚም ብዙውን ጊዜ የሚቆየው ይህንኑ ሦስት ቀን መሆኑ ያስገርማል። የቀኑ ቁጥር አንድ ሆኖ ግንኙነቱ ግን ፍጹም የተለየ ነው።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። እንግዳ ይጠየቃል። ውሃ ከጠጣ፣ እግሩን ካሳረፈ በኋላ «ከወዴት መጣህ? የማን ልጅ ነህ? አገሩ ሰላም ነው?» ይባላል፤ መልስም ይሰጣል። ቡናው አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ ሦስት ጊዜ ሲፈላ፣ በስተመጨረሻው ስኒ ላይ እንግዳውና ባለቤቱ የሚተዋወቁ ሰዎች ሆነው ይመራረቃሉ። ጎብኚ ግን የሚጠየቀው ፓስፖርቱንና ገንዘቡን ነው። እርሱ ያያል፤ አይታይም። የሰውን ከተማ ያውቃል፤ በከተማው ግን አይታወቅም። ዋጋውን ከፍሎ ስለ ገባ ምስጋና ያለበት አይመስለውም፤ ተቀባዩም ሒሳቡን ስለ ተቀበለ ከበሬታ ያለበት አይመስለውም። በሁለቱ መካከል ገንዘብ የሰውን ቦታ ተክቶ ይቆማል።

ይህ ሲባል ግን ገንዘብ ከፍሎ ማደር ነውር ነው ማለት አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄደው መንገደኛ ከሚሴ ላይ ወርዶ ምሳውን ሲበላ ይከፍላል፤ ምግብ ቤቱም ከዚያ ይተዳደራል። ንግድና እንግድነት አይጣሉም። የባቲና የሰንበቴ ገበያዎች ራሳቸው ለዚህ ማስረጃ ናቸው፤ ሻጭና ሸማች ከመገበያየታቸው በፊት ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ከብት፣ ስለ ዝናም ይጠያየቃሉ። ጥፋቱ የሚጀምረው ሰላምታው ቀርቶ ዋጋው ብቻ ሲቀር ነው።

መጎብኘትና መውረር

ጀርመናዊው ፈላስፋ አማኑኤል ካንት እ.ኤ.አ. በ1795 ስለ ዘላለማዊ ሰላም ባሳተመው ድርሰቱ ይህንኑ ጉዳይ አንሥቷል። እንደ ካንት አስተሳሰብ፣ ምድር ክብ ስለ ሆነችና ሰዎች ወሰን በሌለው ስፍራ ሊበተኑ ስለማይችሉ፣ ማንም ሰው ወደ ሌላው አገር ሲደርስ እንደ ጠላት ያለመቆጠር መብት አለው። ይህም የመጎብኘት መብት ነው። በቤት ተቀምጦ የመስተናገድ መብት ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ የባለቤቱን ፈቃድ ይጠይቃል። ካንት በዚህ ሳይወሰን የዘመኑን የአውሮፓ ነጋዴ መንግሥታት ከሷቸዋል። ለእነርሱ የሰውን አገር መጎብኘት ማለት አገሩን መያዝ ማለት ነበር፤ ነዋሪውን ከምንም አልቆጠሩትም።

የዚህ ክስ ማስረጃ ከከሚሴ ከተማ መካከል ያልፋል። ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ አስመራ የተዘረጋውን አውራ ጎዳና ፋሺስት ኢጣሊያ በወረራው ዘመን፣ ማለት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ለሠራዊቱ ማመላለሻ ሠራው። በጣርማ በር ተራራ ሆድ የተፈለፈለው የመሬት ውስጥ መንገድም ያኔ በሙሶሊኒ ስም ይጠራ ነበር። የተሠራበት ዓላማ ክፉ ቢሆንም፣ መንገዱ ከሠሪዎቹ ዕድሜ በልጦ የገበሬውን እህልና የተማሪውን አውቶቡስ ያመላልሳል። ማኪያቶና ፓስታም እንዲሁ በየከተማው ቀርተዋል። እንግዳ ያልነበረ ሰው ትቶት የሄደውን ነገር ሕዝብ የራሱ አድርጎ ይጠቀምበታል፤ ይህ ግን ወራሪውን እንግዳ አያሰኘውም።

ወዳጃዊ ጉብኝት ብቻውን ዋስትና እንደማይሆንም ታሪክ ይመሰክራል። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ራስ ኃይሉንና ራስ ሥዩምን ጨምሮ ብዙ መኳንንት አስከትለው አውሮፓን በጎበኙ ጊዜ ሮም በክብር ተቀብላቸው ነበር፤ የጉዞውንም ታሪክ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «ደስታና ክብር» በሚል መጽሐፍ አስፍረውታል። ያን ጊዜ እጅ ነሥቶ የተቀበላቸው የሙሶሊኒ መንግሥት አሥራ አንድ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በመስከረም 1928 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ላይ ጦር አዘመተ። አቀባበል ያማረ ሊሆን ይችላል፤ እውነተኛነቱ የሚለካው ግን እንግዳው ከሄደ በኋላ ስለ እርሱ በሚታሰበው ነገር ነው።

ሮም ውስጥ ያለችው ኢትዮጵያ

ዛሬ ከወሎ የተነሣ መምህር ከጓደኞቹ ጋር ሮም ቢገባ ምን ያያል? መልሱ ይዞት በሄደው ዕውቀት ይወሰናል። በባቡር ከመጣ ከዋናው ጣቢያ ሲወጣ የሚቆምበት አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል። አምስት መቶዎቹ በጥር 1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር የተደመሰሱት የኢጣሊያ ወታደሮች ናቸው፤ የመታሰቢያ ሐውልታቸውም ከዚያው አጠገብ ይገኛል። በከተማው ውስጥ በአምባ አራዶም ስም የሚጠራ መንገድ አለ። በጣልያንኛ «አምባራዳን» የሚለው ቃል ትርምስ፣ ውጥንቅጥ ማለት ሆኖ ዛሬም ይነገራል፤ ቃሉ የመጣው በ1928 ዓ.ም. ብዙ ኢትዮጵያውያን ካለቁበት ከዚያ ጦርነት ነው። ሰው የሞተበት ቦታ ስም በሌላ አገር የቀልድ ቃል ሆኖ ሲኖር፣ ተናጋሪው ብዙውን ጊዜ ምንጩን አያውቅም። ጎብኚውም ካላወቀ አብሮ ይስቃል።

በ1929 ዓ.ም. ከአክሱም የተወሰደው 24 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሐውልትም በዚያ ከተማ ለ66 ዓመታት ያህል ቆሟል። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰኮንድ ሮጦ የኦሎምፒክን ማራቶን ሲያሸንፍ በዚያ ሐውልት ፊት አልፎ ነበር። ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. በሦስት ተከፍሎ ወደ አገሩ ተመልሶ፣ በ2000 ዓ.ም. በቦታው ቆመ። ዛሬ ሮም ላይ የቀረው ቦታው ብቻ ነው። ለሚያውቅ ሰው ባዶ ቦታም ይታያል፤ ለማያውቅ ሰው ግን ሐውልቱ ቆሞ በነበረ ጊዜም አንድ ድንጋይ ብቻ ነበር።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ስለ እንግድነት የሚያስተምር አንድ የሮም ታሪክ አለ። ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ የሐበሾች እስጢፋኖስ የሚባል ቤት ነበር፤ ከኢትዮጵያ የሚመጡ መነኮሳትና ተሳላሚዎች ያርፉበት ነበር። አባ ተስፋ ጽዮን ከባልደረቦቻቸው ጋር በዚያ ተቀምጠው እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳትመዋል። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1649፣ ከጥንታዊው የአማራ አውራጃ ከመካነ ሥላሴ የተነሡት አባ ጎርጎርዮስ በዚያው ቤት ሳሉ በሌላ ጉዳይ ሮም የመጣው ወጣት ጀርመናዊ ኢዮብ ሉዶልፍ ሊያያቸው ሄደ። ሉዶልፍ እንደ ጎብኚ አይቷቸው ሊመለስ ይችል ነበር። እርሱ ግን ጠየቀ፤ እርሳቸውም መለሱ፤ ደግሞም በተራቸው ጠየቁት። እ.ኤ.አ. በ1652 አባ ጎርጎርዮስ በጥሪ ወደ ጎታ ከተማ ሄደው የአገራቸውን ቋንቋና ታሪክ ለሉዶልፍ አስረዱ። ሉዶልፍ በኋላ ያሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክና እ.ኤ.አ. በ1698 ያወጣው የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት የዚያ ወዳጅነት ፍሬ ናቸው። አባ ጎርጎርዮስ ግን አገራቸውን ዳግመኛ አላዩም፤ እ.ኤ.አ. በ1658 ሲመለሱ መርከባቸው ተሰብሮ በሜዲትራንያን ባሕር ሞቱ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ጓደኛሞች በአንድ የደቡብ አውሮፓ ከተማ ተገናኝተዋል። ግንኙነቱን ታላቅ ያደረገው የቆይታቸው ርዝመት አይደለም። አንዱ ሌላውን እንደ ትርኢት አለማየቱ ነው።

የእረፍት መብት

በዚህ ላይ ተገቢ የሆነ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ዓመቱን ሙሉ ጠመኔ ሲያነሣ፣ ወይም በሰው አገር ሆስፒታል ሌሊቱን በሽተኛ ሲያገላብጥ፣ ወይም ዕቃ ሲጭንና ሲያወርድ የከረመ ሰው ሦስት ቀን ፀሐይ ቢሞቅና ከወዳጆቹ ጋር ቢስቅ፣ ስለምን የታሪክ ሸክም ይጫንበታል? እረፍት መብት ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 የታወጀው ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ በ24ኛው አንቀጽ ለማንኛውም ሰው የእረፍትና የመዝናናት፣ ደመወዝ እየተከፈለውም በየጊዜው የማረፍ መብት እንዳለው ይናገራል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ አሠሪና ሠራተኛ አዋጅም አንድ ዓመት ላገለገለ ሠራተኛ 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ሠራተኛው በዚህ ቀን እንዴት እንደሚደሰት ሌላው ሊያዝዘው አይገባም። ሁልጊዜ የሚማር፣ ሁልጊዜ የሚያዝን፣ ሁልጊዜ የሚመሰክር ሰው እንዲሆን መጠየቅም ድሀው ያለ ቁም ነገር ሊደሰት አይገባውም እንደ ማለት ነው። ባለጠጋው እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም።

ተቃውሞው እውነት አለው፤ መልሱም ደስታን በመከልከል አይገኝም። እንግዳ መሆን ደስታን አይቀንስም። በሠርግ ቤት የሚዘፍንና የሚጨፍር ሰው እንግዳ ነው፤ የማንን ሠርግ እንደሚያደምቅ ግን ያውቃል። ከጎብኚው የሚፈለገው የታሪክ ሊቅ እንዲሆን አይደለም፤ ቤቱ የማን እንደ ሆነ እንዲያስታውስ ነው። የባቲን ቅኝት ከማሲንቆ ወይም ከክራር የሰማ ሰው ባቲን በዓይኑ ከማየቱ በፊት ስሟን ከፍ ካለ ነገር ጋር አያይዞ ያውቃታል፤ ሲደርስም ገበያዋን እንደ ዘበት አያየውም። ወደ ሰው ከተማ ከመግባት በፊት የሚደረግ እንዲህ ያለ ጥቂት ዝግጅት ከደስታ ጋር አይጣላም፤ እንዲያውም ያጣፍጠዋል።

ከጓደኛ ጋር መጓዝም በዚህ ረገድ ሁለት ፊት አለው። ጓደኛሞች በራሳቸው ቋንቋ ያወራሉ፤ በራሳቸው ማዕድ ይቀመጣሉ፤ እርስ በርሳቸው ፎቶግራፍ ይነሣሣሉ። እንዲህ ሲሆን ከተማው ከኋላቸው የተንጠለጠለ መጋረጃ ሆኖ ይቀራል፤ ሦስቱን ቀን ያሳለፉት ሮም ሳይሆን ከራሳቸው ዘንድ ነው። በቤቱ ጨዋ የሆነ ሰውም ማንም በማያውቀው አገር በቡድን ሲሆን ድምፁ ይጎላል፤ አሳላፊውን ያመናጭቃል። «የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ» የተባለው ተገልብጦ የቤት አልጋ፣ የውጭ ቀጋ ይሆናል። በሌላ ወገን ግን ጓደኛ ምስክር ነው። አንዱ ያላየውን ሌላው ያያል፤ ማታ ሲቀመጡ ባዩት ነገር ይከራከራሉ፤ አንዱ አስተናጋጇን ሲያመናጭቅ ሌላው «ተው» ይለዋል። ወዳጅነት በሰው አገር የሚፈተነው በዚህ «ተው» በሚለው ቃል ነው።

የተጎብኚው ድምፅ

የአንድ ሰው ጨዋነት ግን ሁሉን ችግር አይፈታም። እንግዳ በቁጥር ሲበዛ፣ እያንዳንዱ ጨዋ ቢሆን እንኳ ቤቱ ይጠባል። የቬኒስ ታሪካዊ መሀል ከተማ ነዋሪ እ.ኤ.አ. በ1951 ወደ 175 ሺህ ይጠጋ ነበር፤ በ2022 ከ50 ሺህ በታች ወረደ። የመኖሪያ ቤቱ የጎብኚ ማደሪያ እየሆነ፣ የእለት ፍጆታ የሚሸጠው ሱቅ ጌጣ ጌጥ መሸጫ እየሆነ ነዋሪው ወጣ። ከተማዋም እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ በተመረጡ ቀናት ለቀን ጉብኝት በሚገባ ሰው ላይ 5 ዩሮ መግቢያ ጣለች። በዚያው ዓመት በሐምሌ በባርሴሎና የቤት ኪራይ የናረባቸው ሰልፈኞች ምግብ ቤት በር ላይ የተቀመጡ ጎብኚዎችን በመጫወቻ ሽጉጥ ውሃ ረጯቸው። የከተማው ከንቲባም ለጎብኚ የሚከራዩ ወደ 10 ሺህ የሚሆኑ ቤቶች ፈቃድ እስከ 2028 እንዲያበቃ የሚደረግ መሆኑን አስታወቁ።

የባርሴሎናው ሰልፈኛና ፎቶግራፍ ሲነሣ ፊቱን በነጠላው ጫፍ የሚሸፍነው የባቲ ገበያተኛ አይተዋወቁም፤ የሚሉት ነገር ግን አንድ ነው፦ «እዚህ የሚኖር ሰው አለ።» ስለዚህ ጉዳዩ የድሀና የሀብታም አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ኑሮው ለሌላው ትርኢት የሆነበት ሰው ሁሉ፣ በየትም ይኑር፣ ቢያንስ የመጠየቅ መብት አለው። ፎቶግራፍ ከማንሣት በፊት ፈቃድ መጠየቅ ትንሽ ነገር ነው፤ ነገር ግን ከማየት ወደ መተዋወቅ የሚያሻግረው ድልድይ እርሱ ነው። እምቢታንም በጸጋ መቀበል የዚያው ጨዋነት ክፍል ነው።

የምስክርነት ዕዳ

እስካሁን የተነሣው ጎብኚው ለሄደበት አገር ያለበት ዕዳ ነው። ለወጣበት አገር ያለበት ዕዳ ግን ከዚያ ይከብዳል፤ የሚጀምረውም ጉዞው ካለቀ በኋላ ነው።

የመጎብኘት መብት ለሰው ሁሉ ነው ቢባልም በሩ ለሁሉ እኩል አይከፈትም። ሮም ያደገ ወጣት አዲስ አበባ መጥቶ ወደ ሰንበቴና ወደ ባቲ ለመውረድ የሚያስፈልገው ቪዛ ያለ ብዙ ድካም የሚገኝ ነው። የከሚሴ ወጣት ግን ሮምን ለሦስት ቀን ለማየት የባንክ ሒሳብ፣ የሥራ ማስረጃ፣ የመመለሻ ዋስትና ይጠየቃል። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ የኢትዮጵያውያን የቪዛ ጥያቄ የሚታይበትን ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አራዘመው፤ ምክንያት ያደረገውም መንግሥት ሕጋዊ ፈቃድ የሌላቸውን ዜጎቹን በመመለስ ረገድ በቂ ትብብር አላሳየም የሚል ነው። ለጉብኝት በሩ ሲጠብ ሌላው መንገድ ይሰፋል። ከወሎና ከዚሁ ዞን የሚነሡ ብዙ ወጣቶች ወደ ምሥራቅ በአፋር በረሃ አድርገው ወደ ጅቡቲ ጠረፍ፣ ከዚያም በየመን ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ይጓዛሉ። በ2016 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ በኦቦክ አቅራቢያ ሁለት ጀልባዎች ሰጥመው በአሥሮች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን አልቀዋል። ወደ ሰሜን በሊቢያ በኩል የሚሄደውም የሚጠብቀው ባሕር አባ ጎርጎርዮስን የዋጠው ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 3 ቀን 2013 በላምፔዱዛ ደሴት አጠገብ በሰጠመች አንዲት ጀልባ ከ360 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ኤርትራውያን፣ ሞተዋል።

ታዲያ ይህ ባለበት ዓለም በዚያው ባሕር ዳር ተቀምጦ ቡና መጠጣት ኃጢአት ነውን? አይደለም። ያልተደሰተ ሰው የሰጠመውን አያድንም። የሚጠየቀው ሌላ ነገር ነው፦ የተመለሰው ሰው ምን ተናገረ? በፏፏቴው ፊት፣ በመደብሩ መስተዋት ፊት የተነሣው ፎቶግራፍ በዚያችው ደቂቃ ከሚሴ ውስጥ ሥራ ፈትቶ በተቀመጠ ወጣት ስልክ ላይ ይደርሳል። ፎቶግራፉ የሚያሳየው ፈገግታውን ነው። ለሦስት ቀን ሲባል ስንት ወር እንደ ተቆጠበ፣ የሌሊት ተረኝነቱ ስንት እንደ ነበር፣ ሦስቱ ጓደኛሞች በአንድ ጠባብ ክፍል እንዴት እንዳደሩ፣ ጎረቤት ስም ሳይጠያየቅ ስንት ዓመት እንደሚኖር አያሳይም። ደላላው ግን ይህን ፎቶግራፍ ይጠቀምበታል፤ «እይ፤ የሰፈርህ ልጅ ነው» ይላል። ባለፎቶው አልዋሸም፤ አንድም የሐሰት ቃል አልተናገረም። እውነቱን ግን ከግማሽ በላይ ደብቆታል፤ የደበቀውን ክፍያ የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው።

በአጭር ጉዞ ውስጥ ከሁሉ የከበደው የሥነ ምግባር ጉዳይ እንግዲህ ይህ ነው። የሦስት ቀን እንግዳ ለአገሩ ሰው ምስክር ነው። ያየውን ብቻ እንጂ ያላየውን እንዳየ አድርጎ መናገር አይገባውም፤ ያየውንም ጎዶሎ አድርጎ መናገር አይገባውም። ሦስት ቀን ከተማን ለማድነቅ ይበቃል፤ ኑሮውን ለመመስከር ግን አይበቃም። «ውብ ነው፤ እኔ ግን ያየሁት ሦስት ቀን ነው» ማለት የሚችል መንገደኛ ክብሩ አይቀንስም፤ እምነት ያተርፋል። ሁሉን አየሁ የሚል ግን ራሱን ከፍ ለማድረግ ሲል የታናሽ ወንድሙን መንገድ ያጣምማል።

በዚህ ረገድ የመምህሩና የኪነ ጥበብ ሰው ኃላፊነት ከሌላው ይልቃል። መምህሩ ከጉዞ ተመልሶ ክፍል ሲገባ የሚያወራው ወሬ ለተማሪው ከመጽሐፉ ይልቅ ይታመናል። ሠዓሊው፣ ደራሲው፣ ድምፃዊው ስለ ባሕር ማዶ የሚያቀርበው ሥዕል በብዙ ወጣት ልብ ውስጥ እንደ ካርታ ይቀመጣል። ባሕር ማዶን ገነት አድርጎ መሣል ቀላል ነው፤ ሲኦል አድርጎ መሣልም እንዲሁ ቀላል ነው፤ ወጣቱ ሁለቱንም አይምንም፣ ወይም ካመነ ይሳሳታል። የሚያስፈልገው ሰው የሚኖርበት አገር አድርጎ መሣል ነው፦ ኪራይ የሚናርበት፣ አሮጊቶች ብቻቸውን የሚኖሩበት፣ ውብ ሕንጻ የተሠራበት፣ የዶጋሊ ስም በአደባባይ የቆመበት፣ እንግዳም አንዳንዴ በፍቅር የሚስተናገድበት አገር። እንዲህ ያለ ሥዕል የመሄድ ፍላጎትን አያጠፋም። የሚሄደው ሰው ዓይኑን ገልጦ፣ የሚቀረውም ራሱን ሳይንቅ እንዲኖር ያደርጋል።

ሰው የሰውን አገር ማየቱ መልካም ነው። ከወዳጆቹ ጋር ሲሆን ደግሞ ይበልጥ መልካም ነው፤ በሩም ዛሬ ከሚከፈተው በላይ ለብዙዎች ሊከፈት ይገባል። ነገር ግን ጉዞው የሚመዘነው በተቆጠረው ከተማና በተነሣው ፎቶግራፍ አይደለም። ከመሄዱ በፊት ቤቱ የማን እንደ ሆነ የጠየቀ፣ በቤቱ ሳለ ራሱም ሊጠየቅ የፈቀደ፣ ሲመለስ ያየውን ከነጉድለቱ የተናገረ ሰው ሦስት ቀንም ቢቆይ እንግዳ ነበር። እነዚህን ያጎደለ ግን በዚያ ከተማ ዓመት ቢቀመጥም ገና አልገባበትም።